ምዕራፍ 7፦ ታብሌት የሚያረጀው ምኑ ነው?

በ2014 ሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች በአራት ወር ልዩነት ምርጥ ታብሌታችን ያሉትን ይፋ አደረጉ። ሳምሰንግ በጁን ወር ጋላክሲ ታብ ኤስ 10.5ን ኒው ዮርክ ላይ አሳየ፤ አፕል በኦክቶበር አይፓድ ኤር 2ን አወጣ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመቶችና ወሮች፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ሁለቱም አሮጌ ይባላሉ፤ ከሰው እጅ ግን አልወጡም። እኔ በምኖርበት በቁስቋም፣ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርደው ሰፈር፣ አይፓዱ ከአሜሪካ በመጣ ዘመድ ሻንጣ፣ ሳምሰንጉ ከዱባይ ወይም ከቤሩት በተላከ ዕቃ መሀል ተጠቅልሎ ይደርሳል። ዘመድ ያልላከለት ደግሞ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ተከራክሮ ይገዛል።

ጥያቄያችን ቀላል ይመስላል። ከአሥር ዓመት በኋላ ሁለቱን ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው ይበልጥ ያረጀው የትኛው ነው? መልሱን ስንፈልግ ከታብሌት አልፎ ስልክን፣ ኮምፒውተርንና ቴሌቪዥንን የሚነካ ነገር እናገኛለን። አንድ ዕቃ ስንገዛ ከዕቃው ጋር አብሮ የሚመጣ፣ በዓይን የማይታይ የሰው ሥራ አለ። ያ ሥራ ሲቆም ዕቃው ሳይሰበር ያረጃል።

ወረቀት ላይ ሳምሰንጉ ይበልጣል

መጀመሪያ ሻጮች እንደሚያደርጉት ቁጥር እናወዳድር። ራም ማለት፣ በምዕራፍ 2 እንዳየነው፣ መሣሪያው አሁን እየሠራበት ያለውን ነገር ዘርግቶ የሚይዝበት ጊዜያዊ ቦታ ነው። ታብ ኤስ 3 ጊጋ ባይት ራም ሲኖረው አይፓዱ ያለው 2 ብቻ ነው። የሳምሰንጉ ስክሪን ባለ 10.5 ኢንች ሆኖ 2560 በ1600 ነጥቦች አሉት፤ የአይፓዱ ባለ 9.7 ኢንች ሲሆን 2048 በ1536 ነው። በዚያ ላይ የሳምሰንጉ ስክሪን አሞሌድ የሚባለው ዓይነት ነው። እያንዳንዷ ነጥብ የራሷን ብርሃን ስለምታመነጭ ጥቁር ሲያስፈልግ ነጥቧ ፈጽማ ትጠፋለች። በአይፓዱ ግን ከስክሪኑ ኋላ ዘወትር የሚበራ ብርሃን ስላለ ጥቁሩ ትንሽ ግራጫ ይመታዋል። ማታ መብራት አጥፍቶ ፊልም የሚያይ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል።

የሳምሰንጉ ጥቅም በዚህ አያበቃም። ጎኑ ላይ የሜሞሪ ካርድ ማስገቢያ አለው፤ እስከ 128 ጊጋ ባይት ካርድ ይቀበላል። አይፓዱ ምንም ማስገቢያ የለውም፤ 16 ጊጋ ሆኖ የተገዛ 16 ሆኖ ይኖራል። ባትሪውም ሳምሰንጉ 7900 ሚሊ አምፔር ሰዓት ሲይዝ አይፓዱ ወደ 7340 ይይዛል። አይፓዱ የሚበልጠው በቅጥነት ነው፤ 6.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚወፍረው። የሳምሰንጉ 6.6 ስለሆነ እሱም ቢሆን ወፍራም አይባልም።

ይህን ያነበበ ሰው ሁሉ ሳምሰንጉን ይመርጣል። በ2014 ብጠየቅ እኔም የምመርጠው እሱን ነበር።

አሁን ሁለቱንም እንክፈታቸው። ሳምሰንጉ ከፋብሪካ ሲወጣ አንድሮይድ 4.4 ነበረው፤ ኩባንያው እስከ 6.0.1 ካደረሰው በኋላ ተወው። በ2022 የጉግል ክሮም ብራውዘር 106ኛ እትሙ ላይ ሲደርስ አንድሮይድ 6ን ተሰናበተ፤ ከዚያ ወዲህ የወጣው ክሮም በዚህ ታብሌት ላይ አይጫንም። አይፓዱ በበኩሉ በአይኦኤስ 8 ተነሥቶ በየዓመቱ እየታደሰ አይፓድ ኦኤስ 15 ላይ ደረሰ። በ2022 16ኛው ሲወጣ እሱም ከአዳዲስ እትሞች ዝርዝር ወጣ። ይሁን እንጂ አፕል የደኅንነት ቀዳዳ የሚደፍኑ ትንንሽ እትሞችን መላኩን ቀጠለ። በ2025 ማርች ወር 15.8.4 የተባለው ደርሶታል፤ ታብሌቱ ከወጣ አሥር ዓመት አልፎት ማለት ነው።

ራሙ ያነሰው፣ ስክሪኑ ያነሰው፣ ካርድ የማይቀበለው ረጅም ዕድሜ ኖረ። ለምን?

ያልተቀደደው ቀሚስ

ምክንያቱን ለማየት ከቁስቋም ወደ ሽሮ ሜዳ መውረድ ይበቃል። ከስድስት ኪሎ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ ሽሮ ሜዳ ላይ ግራና ቀኙ የሀበሻ ልብስ ነው። አንድ ቀሚስ እዚያ ሱቅ ደጃፍ ላይ እስኪሰቀል በብዙ እጅ ያልፋል። ፈትሉን የምትፈትለው አንዲት ሴት ናት፤ ድሩን አድርቶ የሚሸምነው ሌላ ሰው ነው፤ ጥለቱ በሸማኔው መወርወሪያ ይገባል፤ ልብስ ሰፊው ቆርጦ ይሰፋዋል፤ ባለ ሱቁ ይሸጠዋል።

ይህ ቀሚስ ለአሥር ዓመት ልጅ ተገዛ እንበል። ከአራት ዓመት በኋላ ቀሚሱ አልተቀደደም፣ ቀለሙም አልለቀቀም፤ ልጅቷ ግን አድጋለች። በዚያው ጨርቅና በዚያው ጥለት ማስረዘም ይፈለጋል። እናቷ ወደ ሱቁ ትመለሳለች። ባለ ሱቁ ሸማኔውን መጠየቅ አለበት፤ ሸማኔው ያንን ጥለት ለአንድ ቀሚስ ብሎ እንደገና ማድራት ያዋጣው እንደሆነ ያስባል፤ ቀለሙ ያው የሆነ ክር መገኘት አለበት፤ ልብስ ሰፊውም ጊዜ ያስፈልገዋል። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ብቻ «አይሆንም» ቢል ቀሚሱ እንዳለ ይቀራል። ጨርቁ ምንም አልሆነም፤ የሚለበስ ግን አይደለም።

ታብሌቱ ቀሚሱ ነው። የምታድገው ልጅ በዙሪያው ያለው ዓለም ናት፤ ድረ ገጾች፣ አፖች፣ የደኅንነት ደንቦች፣ ሌቦች ሳይቀሩ። ዓለሙ በየዓመቱ ይሰፋል። ታብሌቱን ለዓለሙ ልክ የሚያደርገው ደግሞ አፕዴት የምንለው ሥራ ነው። አፕዴት ማለት ስርዓተ ክወናው፣ ማለትም አፖቹን ሁሉ ተሸክሞ ከመሣሪያው ጋር የሚያገናኘው ዋናው ፕሮግራም፣ እንደገና ተስተካክሎ ሲላክልን ነው።

አፕል ፈትሉም ሽመናውም ስፌቱም በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሠራበት ቤት ነው። የአይፓድ ኤር 2ን አንጎል፣ ኤ8ኤክስ የተባለውን ቺፕ፣ የነደፈው ራሱ ነው። ስርዓተ ክወናውን የሚጽፈው ራሱ ነው። ዕቃውን በስሙ የሚሸጠውም ራሱ ነው። ቀሚሱን ላስረዝም ካለ ማንንም መለመን አያስፈልገውም።

አንድሮይድ ሰንሰለት ነው። ስርዓተ ክወናውን ጉግል ይጽፋል። ቺፕ ሠሪው ድራይቨር የሚባሉትን፣ ስርዓተ ክወናውን ከቺፑ፣ ከካሜራውና ከስክሪኑ ጋር የሚያነጋግሩትን ትንንሽ ፕሮግራሞች ያዘጋጃል። ታብሌት ሠሪው ሁለቱን አስማምቶ የራሱን መልክ ይጨምርበታል። ሲም ያለው ከሆነ የቴሌኮም ድርጅትም ፈቃድ ሊገባበት ይችላል። አዲስ አንድሮይድ በወጣ ቁጥር ይህ ሰንሰለት ከላይ እስከ ታች እንደገና መሥራት አለበት።

ሳምሰንግ ለምን ቶሎ ተወው?

ሳምሰንግን ሰንሰለቱ ብቻ ነው የጎዳው ብል ሙሉውን አልተናገርኩም። የታብ ኤስ ባለ ዋይፋይ እትም የሚጠቀመው ኤክሲኖስ 5420 የሳምሰንግ የራሱ ቺፕ ነበር። ስለዚህ ቺፑን ከሌላ ይገዙ ከነበሩ ኩባንያዎች ይልቅ የእሱ መንገድ አጭር ነበር። እንደኔ እምነት ችግሩ የጥለቱ ብዛት ነው።

በ2014 ብቻ ሳምሰንግ ያወጣቸውን ታብሌቶች እንይ። ታብ ፕሮ በሦስት መጠን፣ ኖት ፕሮ፣ ታብ 3 ላይት፣ ታብ 4 በሦስት መጠን፣ ታብ ኤስ በሁለት መጠን፣ ታብ አክቲቭ። አብዛኞቹ ደግሞ ባለ ዋይፋይና ባለ ሲም እየሆኑ ይባዛሉ። በዚያው ዓመት አፕል ያወጣው አይፓድ ኤር 2ንና አይፓድ ሚኒ 3ን ነው። ሁለት ጥለት ብቻ የያዘ ሸማኔ የዛሬ አራት ዓመት የሠራውን ለማስረዘም አይቸገርም። ሃያ ጥለት ያወጣ ግን ገና የመጀመሪያውን ሳይጨርስ የሚቀጥለው ዓመት ሃያ ይደርስበታል።

ገንዘቡም ሌላ ምክንያት ነው። አፕል አሮጌ አይፓድ ከያዘ ሰውም ገቢ ያገኛል፤ ሰውየው አፕ ሲገዛ፣ የማከማቻ ቦታ ሲከራይ ለአፕል የሚደርስ ድርሻ አለ። በአንድሮይድ ዓለም ይህ ድርሻ በአብዛኛው ወደ ጉግል ይሄዳል። ለታብሌት ሠሪው አሮጌውን ማደስ ወጪ፣ አዲስ መሸጥ ገቢ ሆኖ ኖረ።

ይህ ሁኔታ ዛሬ ተለውጧል፤ ሳልናገር ባልፍ አንባቢን አሳስታለሁ። ጉግል በ2017 ከአንድሮይድ 8 ጋር ስርዓተ ክወናውን ከቺፕ ሠሪው ድርሻ የሚለይ አሠራር አመጣ፤ ጨርቁን ሳይፈቱ ጥለቱን መቀየር የሚያስችል ዓይነት ነው። ሳምሰንግ በ2022 ለዋና ዋና ስልኮቹና ታብሌቶቹ አራት የአንድሮይድ እትሞችና የአምስት ዓመት የደኅንነት እድሳት ቃል ገባ። በ2024 ከጋላክሲ ኤስ24 ስልክ ጋር ይህን ወደ ሰባት ዓመት አሳደገው። ስለዚህ የዚህ ምዕራፍ ፍርድ በ2014ቱ ሳምሰንግ ላይ እንጂ ዛሬ ከሱቅ አዲስ በሚወጣው ላይ አይደለም።

ድረ ገጹ በሩን ሲዘጋ

«አፕዴት ባይኖረው ምን ይጎድለዋል? ይበራል፣ ይሠራል» የሚል አለ። ጉድለቱ በተጨባጭ እንዴት እንደሚታይ አንድ ምሳሌ በደንብ እንመርምር፤ ብዙ ሰው ዕቃው ተበላሸ ብሎ የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው።

በምዕራፍ 5 ስለ ሚስጥር ቃል ስናወራ፣ አንድ ድረ ገጽ በአድራሻው መጀመሪያ ላይ የቁልፍ ምልክት ሲታይበት ግንኙነቱ የተመሰጠረ መሆኑን አይተናል። ያንን ቁልፍ ለማሳየት ድረ ገጹ የምስክር ወረቀት ያቀርባል። ወረቀቱ «ይህ በእርግጥ እገሌ ነው» የሚል ሲሆን የሚፈርመው የታወቀ አካል ነው። ታብሌቱ ሆዱ ውስጥ ፊርማቸውን የሚቀበላቸው አካላት ዝርዝር አለው። የፈራሚው ስም ከዝርዝሩ ውስጥ ካለ በሩ ይከፈታል። ከሌለ ግንኙነቱ ለሚስጥር አስተማማኝ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ ስክሪኑን ይሞላል።

በ2015 ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለ ለትርፍ ያልተቋቋመ አገልግሎት እነዚህን ወረቀቶች በነጻ መስጠት ጀመረ። ገንዘብ የሌላቸው ትንንሽ ድርጅቶች፣ ትምህርት ቤቶች፣ ጋዜጦች ሁሉ ወደ እሱ ሄዱ፤ ዛሬ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ድረ ገጾች የሚጠቀሙት የእሱን ፊርማ ነው። ይሁንና የዚህ አገልግሎት ዋና ፊርማ በአንድሮይድ ዝርዝር ውስጥ የገባው በ7.1.1 ነው። የኛ ታብ ኤስ 6.0.1 ላይ ቆሟል። አገልግሎቱ አሮጌ አንድሮይዶች እንዳይዘጉባቸው ሲል አስቀድሞ የታወቀ ሌላ ፈራሚ ከጎኑ እንዲፈርምለት አድርጎ ነበር። ያ የተደራቢ ፊርማ ዘመን በ2024 ሴፕቴምበር አበቃ።

ከዚያ በኋላ የታብ ኤስ ባለቤት ትናንት ይከፍተው የነበረውን ገጽ ዛሬ መክፈት ያቅተዋል። ስክሪኑ ደህና፣ ባትሪው ደህና፣ ዋይፋዩ ደህና። ዕቃው ላይ የተነካ አንዳች ነገር የለም፤ የጎደለው አንድ ስም ነው። ስሙን የሚጨምርለት ሰው ደግሞ ሥራውን ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። አይፓዱ ይህ ችግር አልነካውም፤ ፊርማው በአይኦኤስ 10 ዝርዝር ውስጥ ስለገባ በአንዱ አፕዴት ሳናውቀው ደርሶናል።

መውጫ የለም ወይ? ፋየርፎክስ የተባለው ብራውዘር የፈራሚዎቹን ዝርዝር ከታብሌቱ ሳይወስድ የራሱን ይዞ ስለሚመጣ ለአሮጌ አንድሮይዶች ለዓመታት መተንፈሻ ሆኖ ቆይቷል። ገጽ የማይከፈትበት ሌላም አጋጣሚ አለ። መብራት ሰንብቶ ሲመለስ፣ ወይም ታብሌቱ መሳቢያ ውስጥ ባትሪው አልቆ ወራት ሲቆይ፣ ሰዓቱና ቀኑ ወደ ድሮ ዘመን ይመለሳሉ። የምስክር ወረቀት የሚጸናበት ቀን ስላለው፣ ቀኑ የተሳሳተበት መሣሪያ ትክክለኛውን ወረቀት ሁሉ ይጥለዋል። ስለዚህ ገጽ አልከፍት ሲል ከምንም በፊት ቀኑን ማየት ነው።

ወንጪና ወለንጪቲ

እስካሁን አይፓዱን ስናወድስ ቆየን። አሁን ወደ ሌላው ወገን የሚያደላ፣ አገራችን ውስጥ የተደረገ ሥራ ላንሣ።

በ2012 አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ በሚል የሚታወቀው የአሜሪካ ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ጥቂት ልጆች ታብሌት ሰጠ። ታብሌቱ የሞቶሮላ ዙም ነበር፤ የሚሞላው በፀሐይ ኃይል ነው። ሣጥኖቹ እንደታሸጉ ነበር የተተዉት። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደተናገረው አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ሣጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በአምስት ቀን ውስጥ ልጆቹ እያንዳንዳቸው በቀን 47 አፕ ይነካኩ ጀመር። ካሜራው ሆን ተብሎ ተዘግቶ ነበር፤ በአምስት ወር ውስጥ ልጆቹ መንገዱን ፈልገው ከፈቱት። በሳምንት አንድ ጊዜ ባለሙያ እየመጣ ሜሞሪ ካርዱን ይቀይር ነበር፤ በካርዱ ላይ የተመዘገበውን አጠቃቀም ተመራማሪዎቹ ይመለከቱታል።

ይህ ሁሉ በአይፓድ ሊሆን አይችልም ነበር። ካርድ የሚቀየርበት ማስገቢያ የለም። ውስጡን የሚነካካ ልጅም የሚያገኘው የተቆለፈ በር ነው። ኢንተርኔት በሌለበት አገር፣ ትምህርት በካርድና በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት አገር፣ ክፍት የሆነ ዕቃ ትልቅ ዋጋ አለው። ይህን ጥቅም ዝርዝር ላይ እንደሚጻፍ አንድ ተራ ነጥብ ማየት ስሕተት ይመስለኛል።

የዙምን መጨረሻ ግን እንይ። ዙም በ2011 ፌብሩዋሪ ሲወጣ 1 ጊጋ ባይት ራም ነበረው። በሚቀጥለው ወር የወጣው አይፓድ 2 የያዘው የዚያን ግማሽ ነው። ዙም ከአንድሮይድ 4.1 አላለፈም። ሠሪው የሞቶሮላ የስልክ ክፍል በ2012 በጉግል ተገዛ፤ በ2014 ጉግል መልሶ ለሌኖቮ ሸጠው። ሸማኔው በሦስት ዓመት ሁለት ጌታ ከለወጠ የድሮውን ቀሚስ ማን ያስታውሰዋል? አይፓድ 2 እስከ 2016 ድረስ እየታደሰ አይኦኤስ 9 ላይ ደረሰ። በ2011 የታየው ታሪክ በ2014ቱ ጥንድ ላይ ተደገመ ማለት ነው።

ስለ አይፓድ 2 ያለኝን ቅሬታም ልጨምር። አይኦኤስ 9 ለግማሽ ጊጋ ራም ከባድ ነበር፤ ብዙ ሰዎች ከአፕዴቱ በኋላ ታብሌታቸው እንደተጎተተባቸው ተናግረዋል። ወደ ድሮው ልመለስ ቢሉ አፕል አይፈቅድም። በአንድ ጣሪያ ሥር ያለ ቤት ቀሚሱን ሲያስረዝምልን ደስ ይላል፤ ያልወደድነውን ጥለት ሲጨምርበት ግን የምንሄድበት ሌላ ቤት የለም። በአንድሮይድ በኩል ሠሪው የተወውን ዕቃ በፈቃዳቸው የሚያድሱ ሰዎች አሉ፤ ሊኒየጅ ኦኤስ የሚባለው ሥራ ከእነዚህ ዋናው ነው። መጫኑ ዕውቀትና ድፍረት ይጠይቃል፣ ካልተጠነቀቁም ዕቃውን ሊያበላሽ ይችላል፤ ሆኖም በሩ አለ።

አካሉም ድርሻ አለው

እድሳት ሁሉ ነገር ነው እንዳንል የሚከለክለን ራሱ የአፕል ታሪክ ነው። የመጀመሪያው አይፓድ ኤር በ2013፣ ኤር 2 በ2014 ወጡ፤ ከውጭ ሲታዩ ወንድማማች ናቸው። የመጀመሪያው ግን አይኦኤስ 12 ላይ ቀረ። የደኅንነት እድሳት የደረሰው እስከ 2023 መጀመሪያ ነው። በሁለቱ መሀል ካለው ልዩነት ትልቁ ራሙ ነው፤ የመጀመሪያው 1 ጊጋ፣ ሁለተኛው 2 ጊጋ። ለማስረዘም የፈለገ ሸማኔም ቢሆን ጠርዙ ላይ የሚይዘው ትርፍ ጨርቅ ያስፈልገዋል። ኤር 2 ላይ ያ ትርፍ ተትቶ ነበር።

ባትሪው ደግሞ ለማንም አያዳላም። በምዕራፍ 4 እንዳየነው የሊቲየም ባትሪ በእያንዳንዱ ሙሉና ባዶ ዙር ጥቂት ጥቂት አቅም ያጣል። አፕል የአይፓድ ባትሪ ከ1000 ሙሉ ዙር በኋላ 80 ከመቶ አቅሙን እንዲይዝ አድርጌ ሠርቻለሁ ይላል። የአሥር ዓመት ዕቃ ይህን ዙር አልፎ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ መብራት ሲጠፋ እስከ ዜሮ አድርሶ ማቆየትና ሲመጣ ሌሊቱን ሙሉ ትራስ ሥር ማሞቅ ያስረጀዋል። የሳምሰንጉ አሞሌድ ስክሪን የራሱ ድካም አለው፤ ለረጅም ጊዜ አንድ ቦታ ላይ የቆመ ምስል፣ ለምሳሌ የቴሌቪዥን ጣቢያ ምልክት፣ ጥላውን ትቶ ሊቀር ይችላል። ሲገዙ ነጭ ገጽ ከፍቶ ማየት ይህን ያጋልጣል።

የቱ ለማን?

የሰፈሬ አንዲት እናት ሁለቱንም በፌስታል ይዘው መጡ። «ልጄ፣ አንዱን ልሸጠው ነው፤ የቱን ላስቀርላት?» አሉኝ። ልጃቸው ዘጠነኛ ክፍል ናት።

«እትዬ፣ ምን ልትሠራበት ነው?» አልኳቸው።

«ለትምህርት ነዋ። መጽሐፉ በቴሌግራም ነው የሚመጣው ትላለች።»

እውነታቸውን ነው። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመው መጽሐፍ ባልደረሰበት ብዙ ተማሪ የተማረው በፒዲኤፍ ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወረቀቱ ጎን በኦንላይንም ተሰጥቷል። ልጅቷ ስክሪን ላይ ማንበብን ከአሁኑ ብትለምድ አይከፋም።

የሰጠኋቸው መልስ እንዲህ ነው። ልጅቷ አካውንት ያለው ሥራ የምትሠራበት ከሆነ፣ ማለትም ኢሜይል፣ ቴሌግራም፣ ከድረ ገጽ ላይ ጥናት፣ አይፓዱ ይቅርላት። የቤተሰቡ ቴሌብርም ሆነ የባንክ አፕ የደኅንነት እድሳት ባቆመ ዕቃ ላይ መጫን የለበትም፤ በዚህ ነገር ላይ አልደራደርም። አይፓዱም ቢሆን አዲስ ስርዓተ ክወና መቀበል ካቆመ ስለቆየ አዲሱን የሚጠይቁ አፖች እየበዙ ይሄዳሉ። ጥሩነቱ አካውንቱ ቀድሞ አውርዶት ለነበረ አፕ የአፕል ሱቅ ለአሮጌ ዕቃ የሚስማማውን የመጨረሻ እትም ካለው «ይህን ልጫንልህ?» ብሎ ይጠይቃል። በሳምሰንጉ በኩል ሰው አሮጌውን አፕ ከጓደኛ ስልክ በዜንደር ይቀበላል፤ ከማን እጅ እንደመጣ የማይታወቅ አፕ ደግሞ ምን ይዞ እንደሚገባ አይታወቅም።

ሳምሰንጉ ግን እንዲሸጥ አልመከርኩም። ያገለገለ ታብ ኤስ የሚያወጣው ዋጋ ትንሽ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚሰጠው ጥቅም ይበልጣል። ዋይፋዩን አጥፍቶ፣ ውስጡ ያለውን አካውንት ሁሉ አውጥቶ፣ 64 ወይም 128 ጊጋ ካርድ አስገብቶ የቤቱ መጻሕፍት ማስቀመጫ ማድረግ ይቻላል። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው መጽሐፍ ሁሉ፣ የእናትየው መዝሙር፣ የታናናሾቹ ፊልም በአንድ ካርድ ላይ ይገባል። ኢንተርኔት የማይገባ ዕቃ የፈራሚዎች ዝርዝር ቢያረጅበት ግድ የለውም። ዓለሙ የማያድግበት ቦታ ላይ ካስቀመጥነው ቀሚሱ ልኩ ነው። ለዚህ ሥራ ሰፊውና ደማቁ ስክሪን አይፓዱን ያስንቀዋል።

ከሱቅ ለሚገዛ ሰው የቀረኝ ጥቂት ነው። አይፓድ ኤር 2 ተብሎ የሚቀርበው የመጀመሪያው ኤር እንዳይሆን ጀርባው ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር ያንብብ፤ ኤ1566 ወይም ኤ1567 ከሆነ ኤር 2 ነው፤ ኤ1474 ወይም ኤ1475 ከሆነ ያ አይኦኤስ 12 ላይ የቀረው ነው። የታብ ኤስ 10.5 ባለ ዋይፋዩ ኤስኤም-ቲ800፣ ባለ ሲሙ ኤስኤም-ቲ805 ይላል።

ከዚያ የአካውንት ቁልፉ ይፈተሽ። ከ2013 ወዲህ ያሉ አይፓዶች የቀድሞው ባለቤት አካውንት ሳይወጣ ውስጣቸው ተደምስሶ ከመጀመሪያ ቢነሡ የእሱን የሚስጥር ቃል ይጠይቃሉ፤ አንድሮይድም ከ5.1 ጀምሮ ተመሳሳይ መቆለፊያ አለው። ስለዚህ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ እፊታችሁ አካውንቱን እንዲያወጣ አድርጉ፤ የታብሌቱ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይደምሰስና ከመጀመሪያ ይነሣ፤ ዋይፋይ ከተገናኘ በኋላ የማንንም ስም ሳይጠይቅ እስከ መነሻ ገጹ መድረሱን ተመልከቱ። ሱቁ ዋይፋይ የለኝም ካለ የራሳችሁን ስልክ ሆትስፖት ክፈቱለት፤ ቁልፉ የሚጠይቀው ኢንተርኔት ሲያገኝ ነው።